ትርፍ እግር

ዝናቡ ሦስተኛ ቀኑ፣ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣
ከወንዙ ዳር የባሕር አንበሳ ሲያጓራ፣ ዓሣ ሲራብ፣
ኤልቪራ በቫልዲቪያ፣ ጠረጴዛዋን ጠርጋ፣ ሳህን አንሥታ፣
ኮምፒዩተር ገጠመች፣ በገዛ እጇ፣ በአንድ ማታ።

ሣጥኑ ብቻ አሮጌ ነው፤ ወንድሟ ሲሄድ የተወላት፤
ሌላው አዲስ ነው፤ ሳንቲም በሳንቲም ዓመት የፈጀባት፤
ጡረታዋ ሲደርስ ለራሷ ጀልባ ልትነድፍበት።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የመርከብ ብረት የበየደች፣
መነጽሯን ወደ ግንባሯ፣ እጅጌዋን ወደ ክርኗ ሰቀለች፤
ብሎኑን በመግነጢስ ጫፍ አንድ ባንድ እያነሣች፣
ማዘርቦርዱን ከቦታው፣ ፋኑን ከራሱ ላይ አሰረች።

ከዚያ ተጫነች።

ምንም።

ጣቷን አንሥታ ደገመች። መብራቱ ብልጭ፣ ፋኑ ነቅነቅ፣
እንደ ሰነፍ ተማሪ ብድግ ብሎ፣ መልሶ ውድቅ።

ረናቶ ሰሜን ነው፣ ከመዳብ ጉድጓዱ ጋራ፤
የሌሊት ፈረቃ ገብቷል፣ ዝናብ በማያውቅ ተራራ።
"ሶኬቱን ሰክተሻል?" አላት። "እንዴ፣ አበድክ!" አለችው።
"ከኋላ ያለውን ማብሪያስ?" ዝም አለች። ዞራ አየችው።
"በርቷል።" "ሲፒዩውን የሚመግበው፣ ከላይ ጥግ ያለው ገመድ?"
"ገብቷል።" "ራሙስ ቀጭ ብሏል? ነቅለሽ መልሰሽ ስኪው በግድ።"

ነቀለች፤ በጨርቅ ጠረገች፤ ስንጥቁን እፍ አለችበት፤
"እፍ አትበዪ! ትንፋሽ ውሃ ነው!" ጮኸ ከዚያ ሁሉ ርቀት።
አንዱን ራም ብቻ ሞከረች፤ ሌላውን፤ ቦታ ለወጠች፤
ከጎረቤት፣ ከዶን አቤላርዶ፣ ፓወር ሳፕላይ ተዋሰች፤
ደረሰኙን ፈለገች፤ በልቧ ሻጩን ረገመች፤
ጢም ያላበቀለ ልጅ መሆኑ ትዝ ሲላት እርግማኗን መለሰች።

ሊነጋ ሲል ረናቶ፣ ድምፁ በአቧራ ሻክሮ፣
"ከሣጥኑ አውጪው" አላት፣ "ይታይ እርቃኑን ተሞክሮ።
ካርቶን ላይ አስተኚው፤ ማብሪያውን ተይው፤
ሁለቱን እሾህ በመፍቻ ጫፍ ንኪው።"

ነካች።

ዞረ። ዞረ! አልቆመም። ከጥቁሩ ስክሪን ፊደል ፈለቀ።
"በራ!" "በራ?" "በራ!" በረሃና ዝናብ አብሮ ሣቀ፤
ሁለት ሽበታም ልብ እንደ ጥጃ ቦረቀ።

መልሳ ሣጥኑ ውስጥ ከተተችው፤ ብሎኑን አጠበቀች።
ተጫነች። ነቅነቅ። ውድቅ። ወንበሯ ላይ ዘፍ አለች።
ምን ጉድ ነው? ካርቶን ላይ ሲጥሉት እስትንፋስ ያለው፣
ቤት ሲሰጡት፣ ክዳን ሲያለብሱት፣ ነፍሱ የሚወጣው?

ረናቶን አልጠራችም። ተኝቷል፤ ይተኛ።
እጇን ጠየቀች፣ ያንን የእሳት ጓደኛ።
ኮረንቲ አቋራጭ ይወዳል፤ የነካው ብረት ነው መንገዱ፤
በማያገባው ከነካ፣ እዚያው ነው ጉዱ።

ሁሉን ዳግመኛ ፈታች። ባዶውን ሣጥን በባትሪ አየች፤
ቦርዱ የሚቆምባቸውን የናስ እግሮች በጣቷ ቆጠረች፤
የቦርዱን ቀዳዳ ቆጠረች።
ስምንት ቀዳዳ።
ዘጠኝ እግር።

ዘጠነኛዋ፣ ለወንድሟ ሰፊ ቦርድ የተተከለች፣
ያ ቦርድ ከተጣለ ወዲህም ሸክሟን ስትጠብቅ የኖረች፣
ማንም "በቃሽ" ስላላላት ቀጥ ብላ የቆመች፣
የአዲሱን ሆድ ከሥር ወግታ ትንፋሹን የዘጋች፣
ከሽምብራ የማትበልጥ።

በፒንሳ ይዛ ፈታቻት። ክፉ ነገር አልተናገረቻትም።
መስኮቱ ደፍ ላይ አቆመቻት፤ አልጣለቻትም።

ሲበራ መጀመሪያ የጠየቃት ሰዓቱን ነበር፤ ነገረችው።
ከዚያ ስልኳን አነሣች፤ ለረናቶ አጭር ጻፈችለት፦
"እግርህን እዚህ ረስተህ ሄደሃል።"

መልሱ የመጣው ወደ ማታ ነው፣ ዝናቡ ጋብ ሲል፦
"የትኛውን?"